በውሃ የሚበጠበጥ መድኃኒትና ማዳበሪያ፤ የመጠኑ አሰላል
ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

በእርሻና በከብት እርባታ ሥራ ከውሃ ጋር እየተበጠበጡ ሥራ ላይ የሚውሉ ነገሮች ብዙ ናቸው። የድንችን ምችና የቡናን ፍሬ በሽታ ለመከላከል የሚረጩት የፈንገስ መድኃኒቶች፣ ጭድን ለማለስለስ የሚያገለግለው ዩሪያ፣ የበጎች እግር የሚነከርበት ዚንክ ሰልፌት፣ የወተት ዕቃ የሚታጠብበት ክሎሪን፣ እነዚህ ሁሉ በዱቄት፣ በፍሬ ወይም በፈሳሽ መልክ ተገዝተው ከመጡ በኋላ በተወሰነ ውሃ ካልተበጠበጡ ጥቅም አይሰጡም።

ወደ ገበሬው ማሳ ስንወጣ ብዙ ጊዜ የምናየው ችግር መድኃኒቱ ሳይኖር ቀርቶ የተፈጠረ አይደለም። መድኃኒቱ አለ፣ መርጫው አለ፣ ሠራተኛውም ይደክማል፤ ነገር ግን መጠኑ በግምት ስለሚወሰን ውጤቱ ይበላሻል። መጠኑ ሲያንስ በሽታው አይገታም፣ የወጣው ገንዘብና ጉልበት በከንቱ ይቀራል፣ በሽታውም መድኃኒቱን ሊለማመደው ይችላል። መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ቅጠል ይቃጠላል፣ ከብት ይመረዛል፣ በምርቱ ላይ የሚቀረው መድኃኒት ተመጋቢውን ይጎዳል። ከሁለቱም በኩል ጉዳቱ የሚወድቀው በገበሬው ላይ ነው። ገበሬው አንድ ጊዜ ከተጎዳ በኋላም ትክክለኛውን ምክር ይዘን ብንመለስ በቀላሉ አያምነንም።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ለአንድ ብጥብጥ የሚያስፈልገው የመድኃኒት ክብደት እንዴት እንደሚሰላ ከቀላሉ ጀምረን ደረጃ በደረጃ እናብራራለን። የሚያስፈልገው ሒሳብ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ቁጥር ምን እንደሚለካ በሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል።

1. መጀመሪያ ሊታወቁ የሚገባቸው ቃላት

ሀ. ሟሚ፦ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ነገር ነው። ለምሳሌ ዩሪያ ወይም ኮፐር ሰልፌት።

ለ. አሟሚ፦ ሟሚውን የሚያሟሟው ፈሳሽ ነው። በእኛ ሥራ አሟሚው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ውሃ ነው።

ሐ. ብጥብጥ፦ ሟሚውና አሟሚው አንድ ላይ ሲሆኑ የሚገኘው ፈሳሽ ነው።

መ. ጥንካሬ፦ በተወሰነ ብጥብጥ ውስጥ ያለው የሟሚ መጠን ነው። ጥንካሬ በመቶኛ፣ በግራም በሊትር፣ ወይም በሚሊግራም በሊትር ይገለጻል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይኖርበታል። ኮፐር ሰልፌትና ዩሪያ በእርግጥ ይሟሟሉ፤ ውሃው ጥርት ብሎ ይታያል። እንደ ማንኮዜብ ያሉት በውሃ የሚርሱ ዱቄቶች ግን አይሟሟሉም። ደቃቁ ዱቄት በውሃው ውስጥ ተንሳፎ ይቆይና ቆይቶ ወደ ታች ይዘቅጣል። የክብደቱ አሰላል ለሁለቱም አንድ ነው። ልዩነቱ ዱቄቱ እንዳይዘቅጥ መርጫውን በሥራ ላይ እያሉ ደጋግሞ መነቅነቅ የሚያስፈልግ መሆኑ ነው። ይህ ካልተደረገ ስሌቱ ትክክል ቢሆን እንኳ የማሳው አንዱ ጎን ባዶ ውሃ፣ ሌላው ጎን ወፍራም መድኃኒት ያገኛል።

2. መቶኛ ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በዚህ ምክንያት በእርሻ ሥራ 1 በመቶ ብጥብጥ ስንል በ100 ሊትር ብጥብጥ ውስጥ 1 ኪሎ ግራም ሟሚ አለ ማለታችን ነው። ይህንኑ በአነስተኛ መጠን ስንገልጸው፦

1 በመቶ = በ1 ሊትር ውስጥ 10 ግራም

0.1 በመቶ = በ1 ሊትር ውስጥ 1 ግራም

0.01 በመቶ = በ1 ሊትር ውስጥ 100 ሚሊግራም

የነጥቧ ቦታ አንድ ደረጃ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ከተሳሳተች መድኃኒቱ አሥር እጥፍ ይበዛል ወይም አሥር እጥፍ ያንሳል። ስለዚህ ቁጥሩን በስልክ ወይም በቃል ለሌላ ሰው ስናስተላልፍ «ዜሮ ነጥብ አንድ» ከማለት ይልቅ «በሊትር 1 ግራም» ብለን መናገር ስህተትን ይቀንሳል።

ሌላው ተደጋግሞ የሚያጋጥመው ስህተት «የምን በመቶ?» የሚለውን ጥያቄ መዝለል ነው። አንዳንዱ መቶኛ የብጥብጡን ጥንካሬ ያመለክታል፤ አንዳንዱ በከረጢቱ ውስጥ ያለው ዕቃ ምን ያህሉ ዋናው መድኃኒት እንደሆነ ያመለክታል፤ አንዳንዱ ደግሞ የጭዱን ክብደት መሠረት ያደርጋል። ሦስቱ የተለያዩ ናቸው። በሚቀጥሉት ክፍሎች እያንዳንዱን ለየብቻ እንመለከታለን።

3. መሠረታዊው አሰላል

የሚያስፈልገውን የሟሚ ክብደት ለማግኘት ሁለት ነገር ማወቅ ይበቃል፦ የሚፈለገው ጥንካሬና የሚዘጋጀው ብጥብጥ ብዛት።

የሟሚው ክብደት በኪሎ = ጥንካሬው በመቶኛ × ብጥብጡ በሊትር ÷ 100

ምሳሌ 1። በቅጠል ላይ የሚረጭ 2 በመቶ የዩሪያ ብጥብጥ 15 ሊትር ማዘጋጀት ቢፈለግ፦

2 × 15 ÷ 100 = 0.3 ኪሎ፣ ማለትም 300 ግራም ዩሪያ።

ሲዘጋጅ በመርጫው ላይ 15 ሊትር ውሃ ሞልቶ 300 ግራም መጨመር አይደለም። በቅድሚያ በባልዲ ከ5 እስከ 7 ሊትር ውሃ ተደርጎ ዩሪያው ይሟሟል፤ ከዚያም ተጣርቶ ወደ መርጫው ይገባና ውሃ እየተጨመረ ጠቅላላው 15 ሊትር ከሚለው ምልክት ላይ እንዲደርስ ይደረጋል። ሟሚው ራሱ ቦታ ስለሚይዝ ጥንካሬው ትክክል የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። በቀጭን ብጥብጥ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም በወፍራም ብጥብጥ ላይ በግልጽ ይታያል።

ዩሪያ ሲሟሟ ውሃውን ያቀዘቅዘዋል፤ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ደግሞ አሟሟቱ ይዘገያል። ፍሬው ከታች ቀርቶ ሳለ ብጥብጡ ደርሷል ብሎ መርጨት አይገባም።

4. ዕቃው መቶ በመቶ ንጹሕ ካልሆነ

ከገበያ የሚገኘው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ዋናው መድኃኒት አይደለም። በማሸጊያው ላይ «80 በመቶ» ተብሎ የተጻፈ ዱቄት ከ100 ግራሙ ውስጥ 80 ግራሙ ብቻ ፍቱን ንጥረ ነገር ነው፤ ቀሪው ማዳረሻና ማጣበቂያ ነው። ዩሪያም እንዲሁ ከ100 ኪሎው ናይትሮጅኑ 46 ኪሎ ነው። ስለዚህ ምክሩ የተሰጠው በፍቱን ንጥረ ነገር ከሆነ ወደ ዕቃው ክብደት መለወጥ ያስፈልጋል።

የዕቃው ክብደት = የሚፈለገው ፍቱን ንጥረ ነገር × 100 ÷ የዕቃው ንጥረ ነገር በመቶኛ

ምሳሌ 2። አንድ የወተት አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር የታጠቡ ጣሳዎችንና ባልዲዎችን ከተሕዋስያን ለማጽዳት በሊትር 200 ሚሊግራም ፍቱን ክሎሪን ያለው 20 ሊትር ብጥብጥ ያስፈልገዋል እንበል።

የሚያስፈልገው ክሎሪን፦ 200 × 20 = 4,000 ሚሊግራም = 4 ግራም።

ሀ. ያለው ዕቃ 65 በመቶ ፍቱን ክሎሪን ያለው ዱቄት ከሆነ፦ 4 × 100 ÷ 65 = 6.15፣ ማለትም 6 ግራም ያህል።

ለ. ያለው ዕቃ 5 በመቶ የሆነ ፈሳሽ በረኪና ከሆነ፦ 4 × 100 ÷ 5 = 80 ሚሊ ሊትር።

ሥራው አንድ ሆኖ ሳለ በአንዱ 6 ግራም፣ በሌላው 80 ሚሊ ሊትር ሆነ። «አንድ ማንኪያ ጨምሩበት» የሚል ምክር የማያዛልቀው ለዚህ ነው። በረኪና ከቆየ ወይም ፀሐይ ካገኘው ኃይሉ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ ሊቀመጥ፣ ከተቻለም በቅርብ የተመረተው ሊመረጥ ይገባል። ክሎሪንን ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር መደባለቅ መርዛም ጋዝ ስለሚያወጣ ፈጽሞ አይፈቀድም። ዕቃው ላይ የወተት ቅሪት ካለ ክሎሪኑ በቅሪቱ ላይ ያልቃልና በቅድሚያ በሳሙናና በሙቅ ውሃ መታጠብ አለበት።

5. ምክሩ በሄክታር ሲሰጥ

የብዙዎቹ የሰብል መድኃኒቶች ምክር የሚሰጠው በሊትር ውሃ ሳይሆን በሄክታር ነው። እዚህ ላይ ሠራተኛው ማወቅ ያለበት ሦስተኛ ነገር ይመጣል፤ ይኸውም የእርሱ መርጫ፣ በእርሱ እርምጃ፣ በዚያ ሰብል ላይ ለአንድ ሄክታር ስንት ሊትር ውሃ እንደሚጨርስ ነው። ይህ ከሰው ሰው፣ ከመርጫ መርጫ፣ ከሰብሉም ዕድገት ጋር ይለያያል። የሚታወቀውም በመለካት ብቻ ነው።

አለካኩ እንደሚከተለው ነው። በማሳው ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ቦታ ይከለላል፤ ስፋቱ 100 ካሬ ሜትር፣ ማለትም የሄክታር አንድ መቶኛ ነው። መርጫው ንጹሕ ውሃ እስከ ምልክቱ ይሞላና እንደ ወትሮው ያ ቦታ ይረጫል። ከዚያም የጎደለው ውሃ በመለኪያ እየተጨመረ እንደገና እስከ ምልክቱ ይሞላል። የተጨመረው ሊትር በ100 ሲባዛ ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው ውሃ ነው።

ምሳሌ 3። የማሸጊያው ጽሑፍ ለድንች ምች በሄክታር 2.5 ኪሎ ማንኮዜብ 80 በመቶ ዱቄት ይላል እንበል። በተከለለው ቦታ 5 ሊትር ውሃ አልቋል። መርጫው 15 ሊትር ይይዛል። የገበሬው ማሳ ሩብ ሄክታር ነው።

ለአንድ ሄክታር ውሃ፦ 5 × 100 = 500 ሊትር

በአንድ ሊትር የሚገባው ዱቄት፦ 2,500 ግራም ÷ 500 = 5 ግራም

በአንድ መርጫ፦ 5 × 15 = 75 ግራም

ለሩብ ሄክታር ውሃ፦ 500 ÷ 4 = 125 ሊትር

ለሩብ ሄክታር ዱቄት፦ 2,500 ÷ 4 = 625 ግራም

125 ሊትር በ15 ሲካፈል 8 ሙሉ መርጫና 5 ሊትር ይሆናል። ስለዚህ ስምንቱ መርጫዎች እያንዳንዳቸው 75 ግራም፣ የመጨረሻው 5 ሊትር ደግሞ 25 ግራም ብቻ ይገባዋል። ሲደመር 600 + 25 = 625 ግራም ይሆናል፤ ይህም ስሌቱ ትክክል መሆኑን ያረጋግጣል። ለመጨረሻው ጎዶሎ መርጫ እንደ ሙሉው 75 ግራም የሚጨምር ሰው በማሳው ጫፍ ላይ ሦስት እጥፍ መድኃኒት ይረጫል።

በዚህ ምሳሌ 80 በመቶ የሚለውን ቁጥር በስሌቱ ውስጥ እንዳላስገባን አንባቢ ልብ ሊል ይገባል። ምክንያቱም 2.5 ኪሎ የተባለው ዱቄቱ ራሱ ነው እንጂ በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር አይደለም። ምክሩ «2 ኪሎ ፍቱን ንጥረ ነገር በሄክታር» የሚል ቢሆን ኖሮ በክፍል 4 እንደተገለጸው 2 × 100 ÷ 80 = 2.5 ኪሎ ብለን እንለውጠው ነበር። ሁለት ጊዜ መለወጥ አንድ ጊዜም ካለመለወጥ የማይተናነስ ስህተት ነው።

6. የቦርዶ ብጥብጥ

ይህ ብጥብጥ ስሙን ያገኘው በፈረንሳይ አገር ካለው የቦርዶ አውራጃ ነው። የቦርዶ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ፒየር ማሪ አሌክሲስ ሚላርዴ እ.ኤ.አ. በ1885 ኮፐር ሰልፌትና ኖራ ተደባልቀው የወይንን ተክል ከሻጋታ በሽታ እንደሚከላከሉ አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ ለድንች፣ ለቲማቲም፣ ለቡናና ለፍራፍሬ ዛፎች በብዙ አገር ሲሠራበት ኖሯል።

የተለመደው 1 በመቶ የቦርዶ ብጥብጥ 1 ኪሎ ኮፐር ሰልፌት፣ 1 ኪሎ ኖራና 100 ሊትር ውሃ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ለማንኛውም መጠን ማስላት ይቻላል፦

ለ15 ሊትር መርጫ፦ 150 ግራም ኮፐር ሰልፌትና 150 ግራም ኖራ

ለ20 ሊትር ጀሪካን፦ 200 ግራም ኮፐር ሰልፌትና 200 ግራም ኖራ

ለ200 ሊትር በርሜል፦ 2 ኪሎ ኮፐር ሰልፌትና 2 ኪሎ ኖራ

በዚህ ስሌት ውስጥ ኮፐር ሰልፌት የተባለው ሰማያዊው ፍሬ ነው። ሰማያዊው ፍሬ በውስጡ ውሃ ይዟል፤ ከክብደቱ መዳቡ ሩብ ያህል ብቻ ነው። ውሃው ወጥቶለት ነጣ ያለው ዱቄት ግን በተመሳሳይ ክብደት የበለጠ መዳብ አለው፤ የ1 ኪሎ ሰማያዊ ፍሬ ሥራ 640 ግራም ነጭ ዱቄት ይሠራዋል። ስለዚህ የዕቃው ቀለም ከተለመደው ከተለየ ከመመዘን በፊት ማሸጊያውን ማንበብ ያስፈልጋል።

ስለ ኖራውም እንዲሁ። ለአሲዳማ መሬት ማከሚያ የሚታደለው የግብርና ኖራ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ለቦርዶ አይሆንም። የሚያስፈልገው የተቃጠለና በውሃ የበረደ ኖራ ነው። ይህም ቢሆን በክፍት ጆንያ ብዙ ከቆየ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ወደ ድንጋይነቱ ስለሚመለስ ኃይሉን ያጣል።

አሠራሩ፦ ግማሹ ውሃ በአንድ የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ዕቃ ተደርጎ ኮፐር ሰልፌቱ ይሟሟበታል። ቀሪው ግማሽ በሌላ ዕቃ ተደርጎ ኖራው ይበጠበጥበታል፤ ይጣራልም። ከዚያ የኮፐር ሰልፌቱ ውሃ በኖራው ውሃ ላይ ቀስ እየተባለ፣ እየተማሰለ ይፈስሳል። ኮፐር ሰልፌት ብረትንና ቆርቆሮን ስለሚበላ በብረት ባልዲ ማዘጋጀት አይገባም።

ብጥብጡ ሲያልቅ ንጹሕ ሚስማር ወይም ቢላዋ ለጥቂት ደቂቃ ተነክሮ ይታያል። ቀይ ቡናማ የመዳብ ቅባት ከያዘ ኖራው አልበቃውምና ይጨመርበታል፤ አለዚያ ቅጠሉን ያቃጥላል። ይህ ፈተና የኖራውን ጥራት በሒሳብ ማወቅ በማይቻልበት ጊዜ የስሌቱ ማረሚያ ነው። የተዘጋጀው ቦርዶ በዚያው ዕለት መረጨት አለበት፤ ካደረ ይዘቅጣል፣ በቅጠል ላይም አይጣበቅም።

7. እናት ብጥብጥ አዘጋጅቶ ማቅጠን

ብዙ አባላት በአንድ ቀን የሚረጩ ከሆነ ለእያንዳንዱ መርጫ በየጊዜው መመዘን አድካሚ ነው። በዚህ ጊዜ ወፍራም ብጥብጥ አንድ ጊዜ አዘጋጅቶ በየመርጫው እየቀነሱ ማቅጠን ይቻላል። ይህን ወፍራም ብጥብጥ እናት ብጥብጥ እንለዋለን።

ከእናቱ የሚቀዳው = የሚፈለገው ጥንካሬ × የሚፈለገው ሊትር ÷ የእናቱ ጥንካሬ

ምሳሌ 4። 1 ኪሎ ኮፐር ሰልፌት ሟሙቶ ጠቅላላው 10 ሊትር ቢሆን ጥንካሬው 10 በመቶ ነው። ከዚህ 15 ሊትር የ1 በመቶ ብጥብጥ ለማግኘት፦ 1 × 15 ÷ 10 = 1.5 ሊትር ይቀዳል። የኖራውም እናት ብጥብጥ በተመሳሳይ ጥንካሬ ከተዘጋጀ ከእርሱም 1.5 ሊትር በሚገባ ተማስሎ ይቀዳል። ሁለቱ ተደምረው 3 ሊትር ስለሚሆኑ የሚጨመረው ውሃ 12 ሊትር ነው። በመጀመሪያ ውሃውና የኖራው ብጥብጥ፣ በመጨረሻ የኮፐር ሰልፌቱ ይገባል። ሁለቱን እናት ብጥብጦች ውሃ ሳይጨመርባቸው እርስ በርስ መደባለቅ አይገባም፤ ወፍራም ዝቃጭ ይሆናሉ።

8. ጭድን በዩሪያ ማከም

የጤፍ፣ የስንዴና የገብስ ጭድ ዩሪያ ተረጭቶበት ታፍኖ ሲቆይ ለመፈጨት ይቀላል፤ ፕሮቲኑም ይጨምራል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር ለ100 ኪሎ ደረቅ ጭድ 4 ኪሎ ዩሪያ በ80 ሊትር ውሃ ነው። ይህ «4 በመቶ የዩሪያ ሕክምና» ይባላል። 4 በመቶ የተባለው ግን የጭዱ ክብደት ነው እንጂ የውሃው አይደለም። ውሃውን መሠረት አድርጎ 4 በመቶ የሚያሰላ ሰው ለ80 ሊትር 3.2 ኪሎ ብቻ ይጨምራል፤ ጭዱም በቂ ዩሪያ ስለማያገኝ ሊሻግት ይችላል።

ምሳሌ 5። ማኅበሩ ያለው ጭድ 350 ኪሎ ቢሆን፦

ዩሪያ፦ 4 × 350 ÷ 100 = 14 ኪሎ

ውሃ፦ 80 × 350 ÷ 100 = 280 ሊትር

በ200 ሊትር በርሜል ለማዘጋጀት ዩሪያው በውሃው መጠን ይከፈላል። 14 ኪሎ ለ280 ሊትር ማለት በሊትር 50 ግራም ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው 200 ሊትር 10 ኪሎ፣ በቀሪው 80 ሊትር 4 ኪሎ ይገባል። ጭዱ በሥሡ እየተነጠፈ፣ ብጥብጡ በእኩል እየተረጨ፣ እየተረገጠ ይደረደራል፤ ከዚያ አየር እንዳያስገባ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል። ከመመገቡ በፊት ተገልጦ የአሞኒያው ሽታ እስኪወጣ ይናፈሳል።

እዚህ ላይ የመጠን ስህተት የከብት ነፍስ ያስከፍላል። ዩሪያ በብዛት የበላ ወይም ብጥብጡን የጠጣ ከብት ወዲያው ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በርሜሉ ያለ ጠባቂ አይተውም፤ ብጥብጡ በጭዱ ሥር እንዲጠራቀም አይደረግም፤ የተረፈው ከብት በማይደርስበት ቦታ ይወገዳል። የታከመው ጭድ ለማያመሰኩ እንስሳት፣ ማለትም ለፈረስ፣ ለበቅሎና ለአህያ፣ እንዲሁም ከስድስት ወር በታች ላሉ ጥጆች አይሰጥም።

9. የበጎች እግር መንከሪያ

ለእግር ብስባሽ በሽታ 10 በመቶ የዚንክ ሰልፌት ብጥብጥ ይሠራበታል። እዚህ መጀመሪያ የሚሰላው የገንዳው ይዘት ነው። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 0.5 ሜትር፣ የብጥብጡ ጥልቀት 0.1 ሜትር ቢሆን፦

2 × 0.5 × 0.1 = 0.1 ሜትር ኩብ = 100 ሊትር

ዚንክ ሰልፌት፦ 10 × 100 ÷ 100 = 10 ኪሎ

ጥልቀቱ መለካት ያለበት ብጥብጡ እስከሚደርስበት ነው እንጂ እስከ ገንዳው ከንፈር አይደለም። ለዚህ ሥራ ኮፐር ሰልፌትም ያገለግላል፤ ይሁን እንጂ በግ ከሌሎች እንስሳት ይልቅ በመዳብ በቀላሉ ስለሚመረዝ ከብጥብጡ እንዳይጠጣ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ስለዚህ ለበግ ዚንክ ሰልፌትን እንመርጣለን።

10. በቤተ ሙከራ የሚሠራበት አሰላል

የአፈር ናሙና ለሚመረምሩ የሥራ ባልደረቦቻችን ጥንካሬ የሚነገረው በመቶኛ ሳይሆን በሞል ነው። አንድ ሞል ማለት የንጥረ ነገሩ የሞለኪውል ክብደት በግራም ሲገለጽ ነው።

ክብደት በግራም = ሞል በሊትር × ሊትር × የሞለኪውል ክብደት

ለምሳሌ የፖታሲየም ክሎራይድ የሞለኪውል ክብደት 74.6 ነው። የአፈርን አሲዳማነት ለመለካት 1 ሞል በሊትር የሆነ ግማሽ ሊትር ብጥብጥ ቢያስፈልግ 1 × 0.5 × 74.6 = 37.3 ግራም ይመዘናል።

በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቀመር ውሃ ያለበት መሆን አለመሆኑ መታየት አለበት። 0.01 ሞል በሊትር የሆነ 1 ሊትር የካልሲየም ክሎራይድ ብጥብጥ ውሃ ከሌለው ዱቄት 1.11 ግራም፣ ሁለት ሞለኪውል ውሃ ካለው ደግሞ 1.47 ግራም ይጠይቃል። ይህም በክፍል 6 ስለ ኮፐር ሰልፌት ቀለም ከተናገርነው ጋር አንድ ነው።

11. ሚዛን በማይገኝበት ቦታ

ጣሳና ኩባያ የሚለኩት ስፍርን እንጂ ክብደትን አይደለም። አንድ ሊትር የሚይዝ ጣሳ ዩሪያ ቢሞላ ክብደቱ አንድ ኪሎ ሳይሆን ሦስት ሩብ ኪሎ ያህል ነው። ደቃቅ የፈንገስ ዱቄት ከዚህም ሊቀልል ይችላል፤ ኮፐር ሰልፌት ግን ይከብዳል። ስለዚህ ለአንዱ ዕቃ የተለካ ጣሳ ለሌላው አያገለግልም።

የምንመክረው ማኅበሩ በአንድ ቀን፣ በመደብሩ ሚዛን ላይ፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ አንድ መለኪያ እንዲያዘጋጅ ነው። ጣሳው ባዶውን ይመዘናል፤ ከዚያ ዕቃው ሳይጠቀጠቅ ይሞላና በላዩ ላይ በእንጨት ይደመደማል፤ እንደገና ይመዘናል። ልዩነቱ የዕቃው ክብደት ነው። ሦስት ጊዜ ተመዝኖ አማካዩ በጣሳው ላይ ከዕቃው ስም ጋር በማይለቅ ቀለም ይጻፋል። አዲስ ዓይነት ወይም ከሌላ ፋብሪካ የመጣ ዕቃ ሲገዛ ልኬቱ ይታደሳል። ይህ ጣሳ ለምግብ ወይም ለመጠጥ ፈጽሞ አይውልም።

12. ጥንቃቄ

ሀ. በሕግ የተፈቀደና ማሸጊያው ያልተከፈተ መድኃኒት ብቻ ይገዛ። የማሸጊያው ጽሑፍ ከዚህ ጽሑፍ ምሳሌ ጋር ከተለያየ የማሸጊያው ይከበር።

ለ. ሲመዘንና ሲበጠበጥ ጓንት፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ረጅም እጅጌ ያለው ልብስና ቦቲ ጫማ ይደረግ።

ሐ. ከምንጭ፣ ከወንዝና ከውሃ ጉድጓድ ራቅ ብሎ ይበጥበጥ።

መ. ነፋስ ከጀርባ ሲሆን ይረጭ፤ ዝናብ ሲያንዣብብ አይረጭ።

ሠ. ለዕለቱ የሚበቃው ብቻ ይዘጋጅ። ትክክለኛ ስሌት የሚተርፍ መድኃኒት እንዳይኖርም ያደርጋል።

ረ. ባዶ ዕቃው ለዘይት፣ ለጠላ ወይም ለውሃ መያዣ እንዳይሆን ሦስት ጊዜ ታጥቦ ይበሳ።

13. መልመጃ

የልማት ሠራተኞች ከማኅበራት አባላት ጋር ሆነው እነዚህን ጥያቄዎች ቢሠሩ ይጠቅማል።

1ኛ. የእግር መንከሪያ ገንዳ ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 0.5 ሜትር፣ የብጥብጡ ጥልቀት 0.12 ሜትር ነው። ለ10 በመቶ ብጥብጥ ስንት ኪሎ ዚንክ ሰልፌት ያስፈልጋል?

2ኛ. 250 ኪሎ ጭድ ለማከም ስንት ኪሎ ዩሪያና ስንት ሊትር ውሃ ያስፈልጋል?

3ኛ. ምክሩ በሄክታር 2 ኪሎ ዱቄት ነው። በ100 ካሬ ሜትር 4 ሊትር ውሃ አልቋል። መርጫው 20 ሊትር፣ ማሳው ግማሽ ሄክታር ነው። በአንድ መርጫ ስንት ግራም ይገባል? ስንት መርጫስ ይረጫል?

መልስ፦ 1ኛ. ይዘቱ 180 ሊትር፣ ዚንክ ሰልፌቱ 18 ኪሎ። 2ኛ. 10 ኪሎ ዩሪያ፣ 200 ሊትር ውሃ። 3ኛ. በሊትር 5 ግራም ስለሆነ በመርጫ 100 ግራም፤ ውሃው 200 ሊትር፣ 10 መርጫ፤ ዱቄቱ በጠቅላላው 1 ኪሎ።

ማጠቃለያ

ማንኛውም ብጥብጥ ከመዘጋጀቱ በፊት አራት ጥያቄዎች ይመለሱ። የሚፈለገው ጥንካሬ ስንት ነው? መቶኛው የምን መቶኛ ነው? በእጃችን ያለው ዕቃ ምን ያህሉ ፍቱን ነው? የሚዘጋጀው ብጥብጥ ስንት ሊትር ነው? እነዚህ በወረቀት ላይ ተጽፈው ከተሰሉ በኋላ ውጤቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ይፈተን፤ በየመርጫው የገባው ሲደመር ለማሳው ከተመደበው ጋር እኩል መሆን አለበት። እኩል ካልሆነ መድኃኒቱ ገና በማሸጊያው ውስጥ ሳለ ስሌቱን ማረም ይቻላል። ከተረጨ በኋላ ግን ማረም አይቻልም።

ማኅበራትም የሠሩትን ስሌት፣ የረጩበትን ቀንና ያገኙትን ውጤት በመዝገብ ይዘው ቢቆዩ ለሚቀጥለው ዓመት ሥራ ከማንኛውም ምክር የበለጠ መመሪያ ይሆናቸዋል።